ከባድ ከባዱን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ላጥና?

እንጀራዬ ትርጉም ነው፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስገለብጥ እውላለሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ታዲያ አንድ ቀን ሳይጠይቀኝ አይቀርም፦ «እስቲ ከባድ ከባድ ቃላት ከነትርጉማቸው ያሉበት ፒዲኤፍ ካለሽ ላኪልኝ።»

ሞልቷል። ግን አልልክም። በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ በኩል አንድ የአማርኛ ቃል፣ መሃሉ ላይ የእኩል ይሆናል ምልክት የተደረገበት ዝርዝር ለፈተና ዋዜማ ያህል ሊጠቅም ይችላል፤ ቃሉን ግን አያስጨብጥም። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በቃላቸው ወጥተውት «በዚህኛው ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ» ሲባሉ ብዕር የሚነክሱ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ስለዚህ ከፒዲኤፉ ይልቅ አሠራሩን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር፦ እዚህ የእንግሊዝኛ ቃላቱን በራሳችን ፊደል ነው የማስቀምጣቸው። እናንተ ደብተራችሁ ላይ ስታሰፍሯቸው ስፔሊንጉን ከመዝገበ ቃላት እያያችሁ በላቲን ፊደል ጻፉ። ፍለጋው ራሱ ከጥናቱ ይቆጠራል።

የቱ ነው ከባድ?

«አድቫንስድ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማንም የማይጠቀምበትን፣ ለማስደነቅ ብቻ የሚወረወረውን ቃል ነው። «ሎኳሽየስ» የሚለውን (ለፍላፊ ማለት ነው) ለማወቅ የሚቸኩል ሰው በየትምህርት ጽሑፉ የሚያጋጥመውን «ኢንሂረንት»ን ዘሎት ያልፋል።

የትኞቹ ቃላት ደጋግመው እንደሚመጡ የቆጠሩ ሰዎች አሉ። ማይክል ዌስት የሚባል የእንግሊዝኛ መምህር እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ዝርዝር 2,000 ገደማ መሠረታዊ ቃላትን የያዘ ነበር። አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ ደግሞ 3.5 ሚሊዮን ቃላት ያህል የሚሆን የትምህርት ጽሑፍ ሰብስባ፣ ከዌስት ዝርዝር ውጭ ሆነው በየትኛውም የትምህርት ዘርፍ ደጋግመው የሚመጡትን 570 የቃል ቤተሰቦች ለይታ እ.ኤ.አ. በ2000 አወጣች። የቃል ቤተሰብ የምንለው እንደ «ዲሳይድ»፣ «ዲሲዥን»፣ «ዲሳይሲቭ» ያሉትን በአንድ ላይ ቆጥረን ነው። እነዚህ 570ዎቹ ብቻ ከአንድ የትምህርት ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ከዚያ በላይ ስንሄድ፣ የቋንቋ ተመራማሪው ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ስሌት መሠረት ልብ ወለድና ጋዜጣ ያለ እርዳታ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰቦች ያስፈልጋሉ። ንግግር ሰምቶ ለመረዳት ከ6,000 እስከ 7,000 ይበቃል።

ስለዚህ ራሳችሁን ፈትኑ። «ኮሂረንት»፣ «ኢንሂረንት»፣ «አርቢትራሪ»፣ «ኦልቢኢት»፣ «ኖትዊዝስታንዲንግ»። አምስቱም ከኮክስሄድ ዝርዝር የመጡ ናቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳታቅማሙ መጻፍ ከቻላችሁ ወደላይ ውጡ። ካቅማማችሁ ግን ሥራችሁ እዚህ ነው ያለው፤ «ሎኳሽየስ» የትም አይሄድም።

ከዚያ በኋላ ቃል የምትለቅሙት ከምታነቡት ነገር ይሁን። የማደርገውን ልንገራችሁ፦ አዲስ ቃል መጀመሪያ ሲያጋጥመኝ ከስሩ አሰምርና አልፋለሁ። ሌላ ቦታ ዳግመኛ ሲመጣ ያኔ እመዘግበዋለሁ። ሁለት ቦታ የተገናኘን ቃል ሦስተኛም መምጣቱ አይቀርም፤ አንዴ ብቅ ብሎ የጠፋው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቢቀርም አይጎዳ። በቀን አምስት ቃል ካገኛችሁ በቂ ነው። ሃያ እይዛለሁ ያለ ሰው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ክለሳው ራሱ ይቆለልበትና ደብተሩን ይዘጋል።

አንድ ቃል እስኪፈታ ድረስ

«ኮምፕሌይሰንት»ን እንውሰድ። ዝርዝሩ «በራሱ የረካ» ብሎ ያልፈዋል። ይህን ፍቺ ያመነ ሰው የሥራ ማመልከቻ ላይ «ባለኝ ውጤት ኮምፕሌይሰንት ነኝ» ብሎ ቢጽፍ ራሱን ሰደበ ማለት ነው። ቃሉ ወቀሳ ነዋ! ሁለት ለዜሮ የሚመራ ቡድን «አበቃ» ብሎ መከላከሉን ሲተው ያ ነው ኮምፕሌይሰንት መሆን። አደጋ የለም ብሎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ፣ የተዘናጋ። አማርኛው «ተዘናጋ» የሚለው ከ«ረካ» እጅግ ይቀርበዋል፤ ልዩነቱ መዘናጋት በድካም ወይም በሌላ ሐሳብም ሊመጣ መቻሉ ነው፣ የእንግሊዝኛው ግን ምንጊዜም «ደህና ነኝ» ከማለት ይመጣል።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል እዩ። ከፊቱ የሚመጡት ግሦች «ቢካም» እና «ግሮው» ናቸው፤ ሰው ቀስ በቀስ ነው የሚዘናጋው። ከኋላው «አባውት» ይከተላል። «ዊ ካንት አፎርድ ቱ ቢ ኮምፕሌይሰንት» የሚለው ደግሞ እንዳለ የሚነገር ነው፤ ባለሥልጣናትና አሠልጣኞች ይወዱታል፤ «መዘናጋት አያዋጣንም» እንደምንለው። ይህን አብሮ ውሎ እንግሊዝኛው «ኮሎኬሽን» ይለዋል። የተማረ ሰው እንግሊዝኛ ሲጽፍ ሰዋስዉ ሁሉ ልክ ሆኖ የሆነ ነገር የሚጎረብጠው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። «ሚቲጌት» ማቃለል ነው፣ አዎ፤ ግን የሚቃለለው ስጋት፣ ጉዳት፣ ተጽዕኖ እንጂ የሻንጣ ክብደት አይደለም።

ቀጥሎ ቤተሰቡ። ስሙ «ኮምፕሌይሰንሲ» ነው፤ ዜና ላይ ከቅጽሉ ባልተናነሰ ይመጣል። ሌላ ደግሞ በድምፅ መንትያው የሚመስል «ኮምፕሌይዛንት» የሚባል ቃል አለ፤ ሰውን ለማስደሰት እሺ ባይ ማለት ነው። ዛሬ ብዙ አይሠራበትም፤ እንዳያደናግራችሁ ብቻ መኖሩን እወቁ።

መጨረሻ ላይ ሥሩ፦ ላቲኑ «ፕላኬሬ»፣ ማስደሰት። ይህቺ አንዲት ሥር «ፕሊዝ»ን፣ «ፕላሲቦ»ን (በላቲን «አስደስታለሁ» ማለት ነው)፣ ከዘመዶቿ ጋር ሆና ደግሞ «ፕላኬት»ን (የተቆጣን ማብረድ) እና «ኢምፕላከብል»ን (በምንም የማይበርድ ጠላት) አስገኝታለች። አንድ ቃል ፈትታችሁ አራት ይዛችሁ ወጣችሁ።

ይህ ሁሉ ለአንድ ቃል ብዙ ይመስላል። አንዴ ከለመዳችሁት ግን ጥሩ መዝገበ ቃላት ላይ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ጥሩ ስል ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀውን ማለቴ ነው። ሆርንቢ የሚባል የእንግሊዝኛ መምህር ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ውስጥ ነው፤ እንግሊዝኛ አፍ ያልፈታ ሰው ምን ያደናግረዋል ብሎ የተጻፈ ነው፤ ዛሬ ኦክስፎርድ የሚያሳትመው ለላቀ ተማሪ የሚሆነው መጽሐፍ ከእሱ የወረደ ነው። ሎንግማን የሚባለው አሳታሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን ሁሉ በ2,000 ገደማ ቀላል ቃላት ብቻ ይጽፋል። ከባዱን ቃል በሌላ ከባድ ቃል አይፈታባችሁም ማለት ነው። ሁለቱም ዛሬ ስልክ ላይ በነፃ ይገኛሉ፣ ድምፁም አብሮ አለ።

የአማርኛውን አቻ መጨረሻ ላይ ራሳችሁ ፈልጉት። እኔ ከትርጉም ሥራ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። «ፕሮክራስቲኔት» ዛሬ ነገ ማለት ነው። «ኦስቴንሲብሊ» ለይስሙላ። «ሰርከምሎኪዩሽን» ዙሪያ ጥምጥም መሄድ፤ ላቲኑም እኮ «ዙሪያውን መናገር» ነው የሚለው። «ሰርከምስፔክት»? ግራ ቀኙን የሚያይ ሰው። መዝገበ ቃላቱ «ጥንቁቅ» ይላችኋል፤ እሱም ልክ ነው፤ ግን ግራ ቀኙን የሚያየው ሰው በዓይነ ሕሊናችሁ ይመጣል፣ «ጥንቁቅ» ግን አይመጣም።

ሥር መያዝ፣ እስከ የት?

በአማርኛ «ጸሐፊ»፣ «መጽሐፍ»፣ «ጽሑፍ» ሲባል ማንም ሳያስተምረን ዝምድናቸው ይገባናል። ሥር ፈልጎ መያዝ በደማችን አለ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛ ላይም አውሉት። «ስፔክት» ማየት ነው፦ ኢንስፔክት፣ ሬትሮስፔክት፣ ፕሮስፔክት። «ዲክት» መናገር ነው፦ ፕሬዲክት፣ ኮንትራዲክት፣ ቨርዲክት። «ቤኔ» ደግ፣ «ማሌ» ክፉ፦ ቤኔቮለንት፣ ማሌቮለንት።

ሥሮቹ ላቲን የሆኑበት ምክንያት ታሪክ ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥቱም የፍርድ ቤቱም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፣ የቤተ ክርስቲያንና የትምህርቱ ደግሞ ላቲን። እንግሊዝኛ ለአንድ ነገር ሦስት ቃል ያለው ከዚያ ወዲህ ነው። «አስክ» የአገሬው ነው፣ «ኩዌስችን» በፈረንሳይኛ በኩል የገባ፣ «ኢንተሮጌት» ከላቲን። ሦስቱንም «መጠየቅ» ብሎ የያዘ ሰው ጓደኛውን ሰዓት «ኢንተሮጌት» ሊያደርገው ነው። የመጀመሪያው መጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው ግሥ ሲሆን መጠራጠር ይገባበታል፤ ሦስተኛው የመርማሪ ፖሊስ ነው።

ሥር ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። «ኢን» ሁልጊዜ «አይደለም» ማለት ይመስላችኋል፤ «ኢንፍላመብል» ግን ቶሎ የሚቀጣጠል ነው፣ ልክ እንደ «ፍላመብል»። ነዳጅ በተጫነበት መኪና ጀርባ ላይ የተጻፈን ቃል በተቃራኒው መረዳት ቀላል ነገር አይደለም። «ኢንቫሊዩብል»ም ዋጋ ቢስ ሳይሆን ዋጋ የማይተመንለት ነው። ስለዚህ በሥሩ ገምቱ፣ ከዚያ መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ አረጋግጡ።

እንዳይጠፋ ማድረግ

ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ቃለ ድምፆችን እየሸመደደ በራሱ ላይ ሞክሮ፣ የተጠና ነገር መጀመሪያ ላይ በፍጥነት፣ ኋላ ላይ ደግሞ ቀስ እያለ እንደሚጠፋ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ላይ ደግሞ ለተማሪ ሁሉ ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ብልጫው ወረቀት ዘግተው ራሳቸውን ለፈተኑት ሆነ። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልለው ለዚህ ነው፤ ማታ ስትተኙ የያዛችሁት ይመስላችኋል።

ስለዚህ ካርድ ሥሩ። ብዙ ሰው ካርዱን ፊት ለፊት እንግሊዝኛ፣ ጀርባው ላይ አማርኛ አድርጎ ይጽፍና የሚያውቀው ይመስለዋል። ገልብጡት። ፊቱ ላይ ሁኔታውን በአማርኛ ጻፉ፣ ከስሩ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ቃሉ የሚገባበትን ቦታ ባዶ ትታችሁ፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ አስቀምጡ። ለምሳሌ፦ «ለረጅም ጊዜ አደጋ ስላልደረሰ ሠራተኞቹ የደህንነት ደንቡን ነገር ችላ አሉት»፤ ከዚያ እንግሊዝኛው፣ ባዶው ቦታ ላይ «ሲ» ፊደልና ሰረዝ። ጀርባው ላይ «ኮምፕሌይሰንት»፣ «አባውት»ን ጨምሮ። ቃሉ «አፌ ላይ አለ» የሚያሰኘው ሁኔታ የሚፈጠረው በዚህ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ያቺ የምጥ ሰከንድ ናት ቃሉን የምታስቀረው። ዓረፍተ ነገሩን ከኢንተርኔት አትገልብጡ። ስለምታውቁት ሰው፣ ስለ ሥራችሁ፣ ስላናደዳችሁ ነገር ይሁን።

አከላለሱን በወረቀት ለሚፈልግ ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው የሣጥን ዘዴ አለ። አምስት ክፍል ያለው ካርቶን አዘጋጁ። የመጀመሪያውን ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በሦስት ቀን፣ ሦስተኛውን በሳምንት፣ አራተኛውን በሁለት ሳምንት፣ አምስተኛውን በወር ተመልከቱ። የመለሳችሁት ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ የሳታችሁት የትም ቢደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ቀኖቹን እንደሚመቻችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ፤ መራራቃቸው ብቻ አይቀር። ስልክ የሚመርጥ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያለውን «አንኪ» የተባለ ፕሮግራም ይጫን፤ ስሌቱን እሱ ይሠራላችኋል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ የሌላ ሰው የሠራውን ሺህ ካርድ አውርዳችሁ አትጀምሩ። ያ ማለት ያው ፒዲኤፉ መልኩን ቀይሮ መጣ ማለት ነው።

ተመሳሳይ የሚባሉት

ተመሳሳይ ቃላት የሚለውን ነገር በጥርጣሬ እዩት። «ቲን» ቀጭን ነው። «ስሌንደር» ስትሉ ሸንቃጣ አላችሁ፣ ይህ ሙገሳ ነው። «ስኪኒ» ቀጫጫ፣ «ጎንት» በበሽታ ወይም በሐሳብ የከሳ፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ «ኢሜሺዬትድ» ደግሞ አጥንቱ የቀረ። በአማርኛ ሙሽራን «ቀጫጫ ነሽ» እንደማንለው ሁሉ እዚያም እንደዚያው ነው። አዲስ ቃል ስትይዙ ለብቻው ሳይሆን ከእነዚህ ጎረቤቶቹ ጋር ከሙገሳ ወደ ስድብ በተራ ደርድሩት። «ፌመስ» እና «ኖቶሪየስ»ን ሁለቱንም «ዝነኛ» ብሎ የያዘ ሰው አንድ ቀን የሚያከብረውን ሰው በክፉ ሥራው የታወቀ ብሎ ያስተዋውቀዋል።

የሚያምታቱ ጥንዶችም አሉ። «ኢምፕላይ» የሚያደርገው ተናጋሪው ነው፣ በነገር ይወጋል፤ «ኢንፈር» የሚያደርገው ሰሚው ነው፣ ነገሩን ይረዳል። «ሂስቶሪክ» ታሪክ የማይረሳው፣ «ሂስቶሪካል» የታሪክ ጉዳይ የሆነ ማንኛውም ነገር። «ዲስኢንተረስትድ» ዳኛ የማያዳላ ነው፣ «አንኢንተረስትድ» ዳኛ ግን እያዛጋ ነው። «ሳንክሽን» ማዕቀብም ነው ፈቃድም ነው፤ «ኦቨርሳይት» ቁጥጥርም ነው፣ ሳያዩ ማለፍም። እነዚህን የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።

አነባበቡን ሳትሰሙ አትያዙ፤ የእንግሊዝኛ ፊደል አይታመንም። «ኢፒቶሚ» እንጂ «ኤፒቶም» አይደለም፣ «ሃይፐርቦሊ» እንጂ «ሃይፐርቦል» አይደለም። «ሳትል» ውስጥ ቢ ፊደል፣ «ኢንዳይት» ውስጥ ሲ ፊደል ተጽፈው አይነበቡም።

አውጥቶ መጠቀም

በሳምንት አንድ ጊዜ አንዲት ገጽ ጻፉ፣ ከያዛችኋቸው ቃላት ሦስት ወይም አራቱ ብቻ ይግቡባት። ሁሉንም ካጨቃችሁ ጽሑፉ ይታመማል። «ስታርት» በሚበቃበት «ኮሜንስ» የሚል፣ «ሜኒ» በቂ ሆኖ ሳለ «ፕሌቶራ» የሚል ጽሑፍ ለማረም ሲመጣልኝ የመጀመሪያ ሥራዬ እነሱን መሰረዝ ነው። «ፕሌቶራ» እንዲያውም ከሚፈለገው በላይ መትረፍረፍ ማለት ነበር። ከባዱ ቃል ቦታው የሚገባው ቀላሉ ቃል የማይለውን ሲል ነው። «ኮምፕሌይሰንት»ን በቀላል እንግሊዝኛ ልተካ ብትሉ አንድ ሙሉ ሐረግ ይፈጅባችኋል፤ እሱን ያለ ሐፍረት ተጠቀሙበት።

አንዳንድ ቃል ደግሞ እምቢ ይላል። ደጋግማችሁ ትስቱታላችሁ፣ ሁልጊዜ ወደ መጀመሪያው ሣጥን ይመለሳል። አንኪ እንዲህ ያለውን ካርድ ስምንት ጊዜ ሲሳት «ሊች»፣ አልቅት ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ወይ ዓረፍተ ነገሩ ደካማ ነው፣ ወይ ከሚመስለው ሌላ ቃል ጋር በአንድ ሳምንት ይዛችሁታል። «ኢምፕላይ»ና «ኢንፈር»ን በአንድ ቀን ለመያዝ የሞከረ ያውቀዋል፤ አንዱ እስኪረጋ ሁለተኛውን አቆዩት። ዓረፍተ ነገሩን ቀይራችሁም እምቢ ካለ ካርዱን ቅደዱት። የሚያስፈልጋችሁ ቃል ከሆነ ከምታነቡት መሃል ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ እንደ አዲስ መዝግቡት።